ከማሽላው ማሳ እስከ ጤና ኬላ

ክረምቱ ወጥቶ ማሽላው እሸት ሲይዝ በሰሜን ወሎ በራያ ቆቦ ሜዳ ወፍና ወባ አብረው ይመጣሉ። ወፉን ጠባቂው ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ይመልሰዋል። ወባውን ለመመለስ ቤት ለቤት የምትዞረው የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት።

ሐኪም በማይደርስበት ቦታ የሚሠራ የጤና ባለሙያ የማፍራቱ ሐሳብ በሀገራችን ሥር የሰደደው በወባ ምክንያት ነው። በጎንደር ደምቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሰው ከፈጀ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን በቡድን ሆነው ወደ ገጠር እንዲወጡ ማሠልጠን ጀመረ። በአሜሪካ ነርሷ ሎሬታ ፎርድና ሐኪሙ ሄንሪ ሲልቨር የመጀመሪያውን የነርስ ፕራክቲሽነር፣ ማለትም መርምሮ የሚያክም ነርስ፣ ሥልጠና በኮሎራዶ የጀመሩት ከዚህ 11 ዓመት ቆይቶ ነው። ይህን ብዙዎቻችን አናውቀውም፤ ልናውቀው ይገባ ነበር።

የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደግሞ በ1995 ዓ.ም. ተጀመረ። 10ኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ከየአካባቢያቸው ተመልምለው አንድ ዓመት ሠለጠኑ፤ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው በመንግሥት ደመወዝ ተመደቡ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ደረሰ። ከመጸዳጃ ቤት ቁፋሮ እስከ ክትባት ያሉ 16 የሥራ ዘርፎች ተሰጧቸው። ኋላም የሳንባ ምች የያዘውን ሕፃን ማከም፣ በክንድ የሚቀበረውን የወሊድ መከላከያ ማስገባት ተጨመረላቸው።

እንደ ራያ ባለ ቆላ ግን ዋናው ፈተና ትኩሳት ነው። ባለሙያዋ የበሽተኛውን ጣት ወግታ ጠብታ ደም መመርመሪያው ላይ ታደርጋለች፤ ውጤቱ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ይታያል። የወባው ዓይነት ፋልሲፓረም ከሆነ ኮአርተም የተባለውን መድኃኒት ትሰጣለች፤ ጠዋትና ማታ፣ ለሦስት ቀን፣ ከምግብ ጋር። ቫይቫክስ ከሆነ መድኃኒቱም ሌላ ነው፤ ይህኛው ወባ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ እንደገና ይነሣል። የሚያንፈራግጠው፣ ራሱን የሳተ ወይም የጠጣውን ሁሉ የሚያስመልስ ከሆነ ጊዜ ሳታጠፋ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ሲብስም ወደ ሆስፒታል ትልከዋለች።

ምርመራው ከባድ አይደለም። የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ትኩሳቱ በሁለተኛው ቀን በረድ ሲል በሽተኛው የቀረውን ኪኒን «ለሌላ ጊዜ» ብሎ ያስቀምጠዋል። አጎበሩ ቤት ውስጥ ተሰቅሎ አባወራው ማሽላ ሲጠብቅ ሜዳ ያድራል፤ ትንኟ ደግሞ ከምሽት ጀምራ ከቤት ውጭም ትነክሳለች። ይህን ከተማ ያለ ሐኪም በበሽተኛው ፊት ላይ ሊያነበው አይችልም። የማን ማሳ ከወንዙ ዳር እንደሆነ፣ የትኛዋ እርጉዝ ባሏ ውጭ እንደሚያድር የምታውቀው እዚያው ያደገችው ባለሙያ ናት። ከሙያዋ ሁሉ ይህ እውቀቷ ይበልጥብኛል።

ለውጡ በቁጥርም ይታያል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 67 ወርዷል። ውጤቱ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹ ብቻ ባይሆንም ያለ እነሱ የሚታሰብ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ በሰሜኑ የሀገራችን ክፍል የተካሄደው ጦርነት በሰሜን ወሎ ሲያልፍ ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ወድመዋልም። መድኃኒትና መመርመሪያ የሌለው ጤና ኬላ ባለሙያዋን ባዶ እጇን ያስቀራታል። ስለዚህ ደመወዟ በወቅቱ እንዲከፈላት፣ መደርደሪያዋም ከመስከረም በፊት እንዲሞላ ማድረግ የመኸር ዝግጅት አንዱ ክፍል መሆን አለበት።

እርስዎም ቆላ ዘመድ ካለዎት፣ በዚህ መኸር ስለ ማሽላው ሊጠይቁ ሲደውሉ፣ ማሳ የሚያድረው ሰው አጎበር ይዞ መውጣቱንም ይጠይቁ።