«ገብረ» ብሎ የሚቆም ስም የለም፤ ስለ ራስ ወዳድነትና ራስን ለጸጋው ስለ ማስረከብ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በነቀምቴ ከተማ የሚገኘውን የኩምሳ ሞሮዳን ግቢ የጎበኘ ሰው ስለ ሌቃ ነቀምቴ ገዢዎች ሥልጣንና ሀብት ብዙ ይሰማል። ደጃዝማች ኩምሳ ክርስትና ሲነሡ ገብረ እግዚአብሔር ተብለው መጠራታቸውን ግን አብዛኛው ጎብኚ ሰምቶ ያልፈዋል። እኛ በዚህ ስም ላይ ጥቂት መቆም እንወዳለን። የሰውየውን ሕይወት ለመመዘን አይደለም፤ ያ የታሪክ ጸሐፊዎች ሥራ ነው። አገር የሚገዛና ግብር የሚያስገባ ሰው በጥምቀት «የእግዚአብሔር ባሪያ» ሲባል፣ ቤተ ክርስቲያን ስለ ሰው ማንነት የምታስተምረው ነገር በአንድ ስም ውስጥ ተጠቅልሎ ስለሚገኝ ነው።

የክርስትና ስሞቻችንን እናስተውል። ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ወለተ፣ አመተ የሚሉት ቃላት በግእዝ ሰዋስው ብቻቸውን አይቆሙም። «ገብረ» ሲባል «የማን?» የሚል ጥያቄ ይከተላል፤ መልሱ ካልተጨመረ ስሙ ጎደሎ ነው። በዕለት ኑሯችን ግን የአምላክን ስም ቆርጠን «ገብሬ»፣ «ወልዴ»፣ «ኃይሌ» እንባባላለን። ይህ የፍቅር አጠራር ስለሆነ ማንንም አንወቅስበትም። ሆኖም ራስ ወዳድነት በነፍስ ላይ የሚሠራው ሥራ ከዚህ ጋር ሳይመሳሰል አይቀርም፤ ከሌላው የተቀበልነውን ሕይወት የሰጪውን ስም ቆርጠን በራሳችን የተፈጸመ እናደርገዋለን።

ራስ ወዳድነት ስንል ለራስ ማሰብን ሁሉ ማለታችን አይደለም። ጌታችን ባልንጀራችንን እንደ ራሳችን እንድንወድ ሲያዝዝ ለራስ ማሰብን መለኪያ አድርጎታል እንጂ አልነቀፈውም። በሲሬ ወይም በባኮ በቆሎውን ሰብስቦ ለክረምት በጎተራ የሚያስቀምጥ ገበሬ የልጆቹን ጉሮሮ ያሰበ አባወራ ነው። በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 12 የተነገረለት ባለጠጋም ኃጢአቱ እርሻው ፍሬያማ መሆኑ አልነበረም። ምክሩን ብናዳምጥ ግን የሚማከረው ከራሱ ጋር ብቻ ነው፤ ፍሬውም ጎተራውም ነፍሱም ሁሉ «የእኔ» ናቸው። በንግግሩ ውስጥ ጎረቤት የለም፣ እግዚአብሔርም የለም። የቂሣርያው ሊቀ ጳጳስ ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚህ ምሳሌ ላይ ሲያስተምር፣ በመጋዘን የተቆለፈው እንጀራ የተራበው ሰው ገንዘብ እንደሆነ ለሀብታሞቹ ሳያለዝብ ነግሯቸዋል። አገሩን ረኃብ በመታው ጊዜም ራሱ የተራቡትን ሲመግብ ታይቷል።

ይሁን እንጂ ከጎተራው ባለቤት ይልቅ ለመለየት የሚያስቸግር ሌላ ራስ ወዳድነት አለ፤ እርሱም «የእኛ» በሚለው ቃል ውስጥ የሚደበቀው ነው። «የእኔ» የሚል ሰው ያፍር ይሆናል። «የእኛ ወገን» የሚል ግን ራሱን እንደ ጻድቅ ይቆጥራል። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ከካማሺ ዞን በግጭት የተፈናቀሉ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ወለጋ ከተሞች በገቡ ጊዜ፣ ከዚያም ወዲህ በነበሩት ዓመታት ኦሮምኛ ተናጋሪውም አማርኛ ተናጋሪውም በየተራ ቤቱን ጥሎ ሲሰደድ፣ በየመጠለያው ደጋግመን የሰማነው ጥያቄ «ይህ እርዳታ ለማን ወገን ነው?» የሚል ነበር። ጥያቄው ከተራበ አፍ ሲወጣ አይደንቅም። የሚያስፈራው ከጠገበ ሰው ሲመጣ ነው።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው? «እንግዲህ ለሌላው እናስብ» ብሎ መወሰን ብቻውን አይበቃም። ራስ ወዳድነት መልካም ሥራንም ይመገባልና። ሁለቱ ሰዎች ሊጸልዩ ወደ መቅደስ በወጡበት ምሳሌ ፈሪሳዊው ይጾም ነበር፣ ዓሥራትም ያወጣ ነበር፤ አፉም እግዚአብሔርን ያመሰግን ነበር። ነገር ግን ጾሙም ዓሥራቱም ወደ ራሱ ጎተራ ገቡ። በተግባር ቤት ማር ይስሐቅን፣ ፊልክስዩስንና አረጋዊ መንፈሳዊን የሚያነቡ መነኮሳት ገድላቸውን ከሰው ዓይን አጥብቀው የሚሰውሩት ስለዚህ ነው።

ጸጋ ማለት ዋጋ ሳይከፈልበት የሚሰጥ ስጦታ ነው። በጥምቀት ተወልደንበታል፣ በቅዱስ ቁርባን እንመገበዋለን። ራስን ለጸጋው ማስረከብ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ የሚመስላቸው አሉ፤ አንዳንድ ጊዜ የልማት ሥራችንን «ለእምነት ማነስ ነው» ብለው የሚተቹን ወንድሞችም ከዚህ አሳብ የተነሡ ናቸው። ቅዱስ ጳውሎስ ግን ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ ከሁሉ አብልጦ መድከሙን አልደበቀም፤ የደከመው ግን እርሱ ሳይሆን ከእርሱ ጋር ያለው ጸጋ እንደሆነ አስከትሎ መስክሯል። ድካሙን አልተወም፤ የድካሙን ባለቤትነት ተወ። በፊልጵስዩስ መልእክቱም የዚህን ሁሉ ምንጭ ያሳየናል፤ አምላክ የሆነው ክርስቶስ ክብሩን እንደ ምርኮ ሳይዝ የባሪያን መልክ ወሰደ። «ገብር» የሚለው ስም ውርደት መሆኑ የቀረው በዚያን ጊዜ ነው።

ይህን ሁሉ በጉባኤ ቆመን ማስተማር አይከብደንም። አንድ ጊዜ በነቀምቴ ለተፈናቃዮች ምዝገባ ከቤት ወደ ቤት ስንዞር፣ ሰባት ነፍስ ያስጠለሉ አንዲት እናት ጋር ደረስን። ሁለት ክፍል ባላት ቤታቸው እንግዶቹ አንዱን ክፍል ይዘዋል። የእንግዶቹን ስም ጻፍን። የአስተናጋጇ ስም በቅጹ ላይ የሚገባበት ቦታ አልነበረም፤ እርሳቸውም አልጠየቁም። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ተቀምጠን ሳለ፣ «እማማ፣ ይህን ያህል ሰው ይዘው እንዴት ይሆንልዎታል?» አልናቸው። «ካን ዋቃዮቲ» አሉ፤ የእግዚአብሔር ነው ማለታቸው ነው። ቤቱን ይሁን እንጀራውን ወይስ እንግዶቹን፣ አላብራሩልንም። ጀበናውን አወረዱ።

በሳምንቱ መጨረሻ ሪፖርት ስናዘጋጅ፣ መጠለያ ያገኙ ሰዎችን በሚቆጥረው ዓምድ ላይ እነዚያን ሰባት ነፍሳትም ደመርናቸው። ውሸት አልመሰለንም፤ መዝግበናቸዋልና፣ ብርድ ልብስም ደርሷቸዋልና። አብረውን ሲዞሩ የሰነበቱት አረጋዊ ቄስ ረቂቁን በመነጽራቸው አንብበው ጣታቸውን በቁጥሩ ላይ አሳረፉ።

«ዲያቆን፣ እነዚህን ያስጠለለው ማን ነው?»

«አባታችን፣ እርሳቸው ናቸው፤ ግን በፕሮጀክቱ ሥር...»

«ልጄ፣ የጠየቅሁህ ማን እንዳስጠለላቸው ነው።»

ወዲያው ታዝዘን አረምነው ብንል ደስ ባለን ነበር። ቁጥሩ ዝቅ ሲል የሚነሡትን ጥያቄዎች እያሰብን ሁለት ቀን አሳለፍን፤ ለራሳችንም የምንሰጠው ምክንያት «የተፈናቃዮቹ ጥቅም እንዳይጎዳ» የሚል ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ማታ፣ ንስሐ አባታችን ዘንድ ከመሄዳችን በፊት ረቂቁን ከፍተን ሰባቱን ከዓምዱ ቀነስን። ከሰንጠረዡ በታችም የከተማው ነዋሪዎች በየቤታቸው ያስጠለሏቸው ወገኖች በዚህ ቁጥር ውስጥ እንዳልገቡ የሚገልጽ አንድ መስመር ጻፍን። የእናታችንን ስም ለመጻፍ ስንነሣ ግን ስማቸውን አለመጠየቃችን ያን ጊዜ ትዝ አለን።