ንግድ ወይስ ትምህርት? የአንኮበርና የአልዩ አምባ ታሪክ የሚለው አለ

“ልጃችን ይማር ወይስ ይነግድ?” የሚለው ጥያቄ በሰሜን ሸዋ ቤተሰቦች ዘንድ አዲስ አይደለም። ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኘው አንኮበር ግን መልሱ በአብዛኛው የሚወሰነው በልጁ ዝንባሌ ሳይሆን በተወለደበት ሃይማኖት የነበረበት ዘመን ነበር።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጊዜ፣ አንኮበር የሸዋ መናገሻ ነበረች። የደጋው ክርስቲያን ልጅ ገበሬ፣ ወታደር ወይም ካህን ይሆናል። ለትምህርት የታጨው ከንባብ ቤት ተነሥቶ፣ ዜማና ቅኔ ተምሮ፣ እስከ መጻሕፍት ትርጓሜ ለመድረስ ቁራሽ እየለመነ ዓመታትን ያሳልፋል። የድካሙ ዋጋ ክብርና ለቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የሚሰጠው የሰሞን መሬት ነበር።

ከአንኮበር በታች ያለችው አልዩ አምባ ደግሞ የገበያ ከተማ ነበረች። አርጎባዎች፣ አፋሮችና ሐረሪዎች በሲራራ ንግድ ከታጁራና ከሐረር ጋር ያገናኟት ነበር። አሞሌ ጨው፣ ቡናና የዝሆን ጥርስ ይለዋወጡባታል፤ በዚያ ዘመን ሰውም ጭምር ይሸጥ ነበር።

ይህ የሥራ ክፍፍል ከእምነቶቹ አስተምህሮ ብቻ የመነጨ አልነበረም። በአብዛኛው ደጋ ርስትና ሹመት የክርስቲያኑ ድርሻ ሲሆኑ፣ የሙስሊሙ የመሬት መብት የተገደበ ስለነበር ንግድና ሽመና መተዳደሪያው ሆኑ። ነቢዩ መሐመድ ራሳቸው ነጋዴ ስለነበሩም በእስልምና ንግድ የሚያሳፍር ሥራ አይደለም። የነጋዴው ልጅ ቁርአን እየቀራ ያድግ ስለነበር ትምህርትና ንግድ በአንድ ቤት ይኖሩ ነበር።

ተመሳሳይ ነገር በሩቅ አገርም ታይቷል። በኮንፊሽየስ አስተምህሮ ትመራ በነበረችው ቻይና ምሁር ከሁሉ በላይ፣ ነጋዴ ከሁሉ በታች ይቆጠር ነበር፤ ለሹመት የሚያበቃው የመንግሥት ፈተና ነበርና። ይሁንና የበለጸጉ ነጋዴዎች ገንዘባቸውን ልጆቻቸውን ለማስተማር ያውሉት ነበር።

በአገራችን የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ የቀድሞውን የመሬት ሥርዓት ሽሮታል። ደብረ ብርሃን ዛሬ በ1999 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ ዩኒቨርሲቲና በ2011 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። አጥሩ ቢፈርስም “የተማረ አይነግድም፣ ነጋዴ ትምህርት አያስፈልገውም” የሚለው አመለካከት ግን አልጠፋም። ወላጆች ይህን ሲሰሙ፣ አባባሉን የወለደው የትናንቱ የመሬት ሥርዓት እንጂ የልጃቸው ችሎታ አለመሆኑን ማስታወስ ይገባቸዋል።