ቀስተ ደመና የማያውቀው ኅብር

እንግሊዞች የቀለም ስሞቻቸውን አንዱን ከፍሬ፥ ሌላውን ከአበባ፥ ሌላውንም ከከበረ ድንጋይ ወስደዋል፤ ማጀንታ ብለው የሚጠሩት ኅብር ግን ስሙን ያገኘው ከጦር ሜዳ ነው። ማጀንታ በሰሜን ኢጣልያ በሚላኖ አጠገብ የምትገኝ ከተማ ስትሆን፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1859 ዓ.ም. በጁን 4 ቀን፥ ከሰርዲንያ መንግሥት ጋር ቃል ኪዳን የገባው የፈረንሳዩ ንጉሠ ነገሥት የሣልሳዊ ናፖሌዎን ሠራዊት የኦስትሪያን ጦር ድል የነሣባት ስፍራ ናት።

በዚያው ሰሞን፥ ሐር በመሥራት በታወቀችው በሊዮን ከተማ፥ ፍራንስዋ ኤማኑኤል ቬርጌን የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን የሚገኘውን አኒሊን ከቆርቆሮ ክሎራይድ ጋር አዋሕዶ ቢያሞቀው፥ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ እጅግ ደማቅ ቀይ ማቅለሚያ ወጣለት። የመጀመሪያ ስሙም ፉክሲያ ከተባለው አበባ ተወስዶ ፉክሲን ተባለ። ማቅለሚያውን ለገበያ ያቀረቡት የሬናር ወንድማማቾች ስማቸው በፈረንሳይኛ ቀበሮ ማለት ስለሆነ፥ ቀበሮም በጀርመንኛ ፉክስ ስለሚባል፥ ስያሜው ሰምና ወርቅ አለው የሚሉም አልታጡም። የድሉ ወሬ በአውሮፓ በተሰማ ጊዜ ግን ማጀንታ የሚለው ስም ፉክሲንን ከገበያው እየገፋ መጣ፤ በእንግሊዝ አገርም የኤድዋርድ ኒኮልሰን ድርጅት ሮዚን ብሎ ይሸጠው የነበረውን ይህንኑ ቀለም በ1860 ዓ.ም. ማጀንታ ብሎ ሰየመው።

ስሙ የወጣለት በሜዳው ላይ የፈሰሰውን ደም ስለሚመስል ነው የሚባለውን ወሬ ለመቀበል እቸገራለሁ፤ ነጋዴ ለወይዛዝርት ልብስ ሲሸጥ የሚያወሳው ድልን እንጂ ሬሳን አይደለምና። ከሃያ ቀን በኋላ ሌላ ውጊያ የተደረገባት ሶልፌሪኖም እንዲሁ የቀለም ስም ሆና ነበር፤ ሆኖም ስሟ እስከ ዛሬ የሚነሣው በቀለሙ ሳይሆን፥ የቁስለኞቹን መከራ በዓይኑ ያየው ሄንሪ ዱናን ለቀይ መስቀል መመሥረት ምክንያት ስለሆነ ነው።

የስሙ ነገር ይህን ያህል ነው፤ ይበልጥ የሚያስደንቀው የኅብሩ ባሕርይ ነው። ኒውተን በ1704 ዓ.ም. ባሳተመው ኦፕቲክስ በተባለው መጽሐፉ እንደ ገለጸው፥ የፀሐይ ብርሃን በመስተዋት ፕሪዝም ውስጥ ባለፈ ጊዜ ከቀይ ጀምሮ በብርቱካናማ፥ በቢጫ፥ በአረንጓዴና በሰማያዊ አልፎ እስከ ወይን ጠጅ ድረስ በተርታ ይዘረጋል። ቀዩ በአንዱ ዳር፥ ወይን ጠጁ በሌላው ዳር ይቆማሉ እንጂ በተርታው ውስጥ አይገናኙም። ይሁን እንጂ ኒውተን ሁለቱን ዳርቻ ብርሃኖች ቢያደባልቅ፥ በፕሪዝሙ ተርታ ውስጥ ካሉት ሁሉ አንዱንም የማይመስል ሐምራዊ አገኘ፤ ተርታውንም አጥፎ እንደ ክበብ አድርጎ ጫፎቹን አጋጠማቸው። ማጀንታ የሚገኘው በዚህ መጋጠሚያ ላይ ነው። የቀይ ብርሃን ሞገድ ርዝመቱ ወደ 700 ናኖሜትር፥ የወይን ጠጁ ወደ 400 ናኖሜትር ይደርሳል፤ ከዚህ እስከዚያ ሞገዶቹን አንድ በአንድ ቢመረምሩ፥ ለብቻው ማጀንታ ሆኖ የሚታይ አይገኝም።

ታዲያ ዓይናችን ከወዴት አመጣው? ረቲና በሚባለው ከዓይን በስተኋላ በተዘረጋው ስስ ገበታ ላይ ቀለምን የሚለዩ ሦስት ዓይነት ሕዋሳት አሉ፤ አንደኛው በረጃጅም፥ ሁለተኛው በመካከለኛ፥ ሦስተኛው በአጫጭር ሞገዶች ይበልጥ ይነቃል። ረጅሙንና አጭሩን የሚቀበሉት ነቅተው መካከለኛው ዝም ባለ ጊዜ አእምሮ የሚፈርደው ፍርድ ማጀንታ ይባላል፤ አንድ ብቸኛ ሞገድም መካከለኛውን ዘሎ ሁለቱን ዳርና ዳር ሊያነቃ አይችልምና፥ ኅብሩ ከሁለት ብርሃን በቀር ከአንድ አይወለድም። ከዚህ ተነሥተው ማጀንታ የዓይን ማታለል ነው፥ በእውነት የለም የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ፤ ነገሩ በዚህ መንገድ ከተፈረደ ግን ነጩም ቡናማውም አብረው ሊሻሩ ነው፥ ለእነርሱም ከቀስተ ደመና የተለየ ድርሻ አልተሰጣቸውምና። ቀለም ሁሉ በብርሃንና በአእምሮ መካከል የሚፈጸም ነገር ስለሆነ፥ ማጀንታን ብቻ ለይቶ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል።

በቤቱ ሊፈትነው የሚወድ አንባቢ፥ ደማቅ አረንጓዴ ወረቀት በብርሃን ፊት አኑሮ ግማሽ ደቂቃ ያህል ዓይኑን ሳያንቀሳቅስ ትኩር ብሎ ይመልከተውና ወዲያው ወደ ነጭ ወረቀት ይዙር፤ አረንጓዴውን ሲቀበሉ የደከሙት ሕዋሳት ለጥቂት ጊዜ ስለሚያርፉ፥ በነጩ ላይ ወደ ማጀንታ የሚያደላ ጥላ ይታየዋል።

የማተሚያ ቤት ሰዎች ማጀንታን የሚወዱት በዚሁ ከአረንጓዴ ጋር ባለው ተቃርኖ ነው። በነጭ ወረቀት ላይ የፈሰሰ የማጀንታ ቀለም ከብርሃኑ አረንጓዴውን ውጦ ቀዩንና ሰማያዊውን ይመልሳል፤ ሲያን ከሚባለው ሰማያዊ ቀለምና ከቢጫ ጋር ሲተባበርም፥ ጥቁር ተጨምሮለት፥ በመጽሔት የምናያቸውን ሥዕሎች ይሠራል። በኮምፒዩተር ገጽ ላይ ግን ማጀንታ የሚባለው ቀዩና ሰማያዊው ብርሃን በሙሉ ኃይላቸው በርተው አረንጓዴው ሲጠፋ የሚታየው፥ ይበልጥ ሐምራዊና ዓይን የሚወጋው ነው፤ በዚያም ማጀንታና ፉክሲያ የሚሉት ሁለት ስሞች ለአንድ ኅብር ተሰጥተዋል። የሊዮኑ ማቅለሚያ፥ የማተሚያ ቤቱ ቀለምና የኮምፒዩተሩ ብርሃን በአንድ ስም ይጠሩ እንጂ አንድ አይደሉም፤ በኮምፒዩተር መርጦ ያሳተመ ሰውም ወረቀቱ ደብዝዞ ቢመጣበት አታሚውን አይውቀስ፥ ያ ብርሃን በቀለም የሚደረስበት አይደለምና።

የቬርጌን ማቅለሚያ ከሐር ገበያ ይልቅ በሕክምና ዘንድ ረጅም ዕድሜ አገኘ። ኮኽ የተባለው ሐኪም የሳንባ ነቀርሳን ባክቴሪያ ማግኘቱን ባስታወቀበት በ1882 ዓ.ም. ዚል፥ በማግሥቱም ዓመት ኔልሰን የተባሉት ጀርመናውያን ሐኪሞች ያበጁት ዘዴ፥ በመስተዋት ላይ የተቀባውን አክታ በፉክሲን ነክሮ ማሞቅን፥ ከዚያም በአሲድ ማጠብን ያዛል፤ ባክቴሪያው ሰም መሰል ሽፋን ስላለው የጠጣውን ቀለም አይለቅም፥ የቀረው ሁሉ ግን ይነጣና በኋላ በሚፈስበት ሜቲሊን ብሉ ሰማያዊ ይሆናል። በኢትዮጵያ ጤና ጣቢያዎችም የአክታ ምርመራ በዚህ መንገድ ሲሠራ ኖሯል፤ የላቦራቶሪ ባለሙያዎቹም በሰማያዊው መካከል ቀይ ዘንግ መስለው የሚታዩትን ባክቴሪያዎች ይቆጥራሉ፤ በመደርደሪያቸው ላይ ባለው ጠርሙስ የተጻፈውም ያ የጦር ሜዳ ስም ሳይሆን ካርቦል ፉክሲን የሚል ነው።