ኮምፒውተሩ አሰመረ፤ ሌዘሩስ የት ቆረጠ?

ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከሚወሩት ተረቶች አንዱ እንዲህ ይላል፦ ማሽኑ በማይክሮስኮፕ ምስል ላይ የታመመውን ሕዋስ ለይቶ ዙሪያውን ካሰመረ፣ ሌዘሩ መስመሩን ተከትሎ ሕዋሱን ቆርጦ ያወጣዋል፤ ሥራውም በዚሁ አለቀ። እውነታው ግን ሌላ ነው። የሚሰመረው ምስሉ ላይ ነው፤ የሚቆረጠው ደግሞ ስላይዱ ላይ ያለው ናሙና ነው። ምስሉና ናሙናው ምን ያህል ገጥመዋል የሚለው ጥያቄ፣ በእኔ ግምት፣ ከማሽኑ ብልህነት ይልቅ ውጤቱን ይወስናል።

ዘዴው ራሱ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1996 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች ከስስ የናሙና ቁራጭ ላይ የፈለጓቸውን ሕዋሳት ብቻ በሌዘር ነጥለው ማንሳት እንደሚቻል አሳይተዋል። ከዚያ ወዲህ ለረጅም ጊዜ መስመሩን የሚያሰምረው ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ባለሙያ ነበር። በ2015 የፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲው ኦላፍ ሮነበርገርና ባልደረቦቹ ዩ-ኔት የተባለውን ሰው ሠራሽ የነርቭ ኔትወርክ አቀረቡ፤ እያንዳንዱን ፒክስል «ሕዋስ ነው» ወይም «አይደለም» እያለ ይለያል። በ2022 የተመራማሪው ማቲያስ ማን ቡድን ነገሩን አንድ ላይ አያያዘው፤ እንዲህ ያለ ኔትወርክ ያሰምራል፣ ሌዘሩ ይቆርጣል፣ ማስ ስፔክትሮሜትሩ በሕዋሳቱ ውስጥ ያሉትን ፕሮቲኖች ይለያል። በ2024 ይኸው መንገድ መድኃኒት አልስማማ ሲል ቆዳን በሚገፍፈው ገዳይ በሽታ፣ በቶክሲክ ኤፒደርማል ኔክሮሊሲስ፣ ላይ ተሞከረ። በታመሙት ሕዋሳት ውስጥ ጃክ-ስታት የሚባለው የመልእክት መንገድ ከመጠን በላይ ሲሠራ ተገኘ፤ ይህን የሚገታ መድኃኒት የተሰጣቸው 7 ሕሙማንም አገገሙ። ስለዚህ ጥያቄዬ ዘዴው ይጠቅማል አይጠቅምም አይደለም።

ከማስመሩ ልጀምር። «ማሽን ለማስተማር ሚሊዮን ምስል ያስፈልጋል» የሚለው እምነት ብዙ አያቆየንም። ዩ-ኔት በአንዱ ፈተና የሠለጠነው በ30 የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ምስሎች ነበር፤ እነሱኑ እየለጠጡና እያጣመሙ አበዙለት። እርግጥ 30 ምስል ማለት 30 ምሳሌ ብቻ ማለት አይደለም፤ በያንዳንዱ ምስል ውስጥ ፒክስል በፒክስል በእጅ የተለየ ብዙ ሕዋስ አለ። የናሙናው ማቅለሚያ ወይም ማይክሮስኮፑ ሲቀየር ደግሞ ያ ትምህርት ሊከዳ ይችላል።

ይበልጥ የሚያሳስተው «95 በመቶ ትክክል» የሚለው ቁጥር ነው። ሕዋሳቱ የምስሉን 5 በመቶ ብቻ የያዙ ከሆነ፣ አንድም ሕዋስ ያላየ ማሽን በፒክስል ቆጠራ 95 ያመጣል! ተሻለ የሚባለው መለኪያ፣ ማለትም ሁለቱ ቅርጾች ምን ያህል እንደተደራረቡ የሚለካው፣ እንኳ የጠርዙን ነገር ያድበሰብሳል። ራዲየሱ 10 ማይክሮሜትር የሆነ ክብ ሕዋስ እንውሰድ። መስመሩ በ1 ማይክሮሜትር ወደ ውጭ ቢሰፋ ስፋቱ በ21 በመቶ ያድጋል፤ ራዲየሱ 100 የሆነ ቅርጽ በዚያው ስህተት የሚያድገው በ2 በመቶ ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ስህተቱ አቅጣጫ አለው። ወደ ውስጥ የገባ መስመር ከሕዋሱ ጥቂት ያስቀራል፤ ወደ ውጭ የወጣ ግን የጎረቤቱን ፕሮቲን ያመጣል። የመጀመሪያው ጉድለት ነው፤ ሁለተኛው የሐሰት ምስክር።

መስመሩ እንከን የለውም እንበል። ያኔም ሌዘሩ ፒክስል አያውቅም፤ የሚያውቀው የራሱን የቦታ መጋጠሚያ (ኮኦርዲኔት) ነው። አንዱን ወደ ሌላው ለመመለስ ስላይዱ ላይ ምልክቶች ይደረጋሉ፤ ኮምፒውተሩም ከነሱ ተነሥቶ ስላይዱ ምን ያህል እንደተንሸራተተ፣ እንደዞረ፣ እንደተጣመመና በምን መጠን እንደሚለካ ያሰላል። ለስሌቱ ሦስት ነጥብ ይበቃል፤ ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። በሦስት ነጥብ ብቻ ስሌቱ ሁልጊዜ ይገጥማል፤ የአንዱ ምልክት ቦታ በስህተት ቢመዘገብ እንኳ ምንም አይጮኽም። የሚያጋልጠው አራተኛው ነጥብ ነው። ሌዘሩ ራሱም ስፋት አለው፤ የነካውን ያቃጥላል። ልብስ ሰፊ በጠመኔ ካሰመረው ላይ ሳይሆን ለስፌት ትርፍ ትቶ እንደሚቆርጥ፣ እዚህም የመቁረጫው መንገድ ከሕዋሱ ጠርዝ ትንሽ ራቅ ይደረጋል። ሕዋሳቱ ተጠጋግተው የተኙ ከሆነ ትርፍ የሚተውበት ቦታ የለም፤ የትኛው ይቅር የሚለውን ሰው ይወስናል።

«እንዲህ ከሆነ ባለሙያው በእጁ ቢያሰምር አይሻልም?» የሚል ይኖራል። አይሻልም። ሁለት ባለሙያዎች የአንድን ሕዋስ ጠርዝ በትክክል አንድ ቦታ አያሰምሩም፤ አንዱ ባለሙያም ሲደክም እንደ ጠዋቱ አያሰምርም። የማሽኑ ስህተት ግን ቋሚ ጸባይ አለው፤ ቋሚ የሆነ ደግሞ ይለካል፣ ይታረማል። ሌላው ተቃውሞ «ስህተቱ ትንሽ ነው፤ ብዙ ሕዋስ ሲሰበሰብ ይቻቻላል» ይላል። አንዱ ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ቢሳሳት እውነት ነበር። የመጋጠሚያ ስህተት ግን ሁሉንም ሕዋስ ወደ አንድ ወገን ይገፋል፤ መቶ ሕዋስ ብንሰበስብ መቶውም ከዚያው ወገን ካለ ጎረቤት ተቀላቅሎ ይመጣል። ማብዛት እንዲህ ያለውን ስህተት እርግጠኛ ያስመስለዋል እንጂ አያጠፋውም።

የሚያጋልጠው ቀላል ነገር ነው፦ ከቆረጣው በኋላ ስላይዱን እንደገና ፎቶ አንሥቶ የቀረውን ቀዳዳ ከተሰመረው መስመር ጋር ማስተያየት። ቀዳዳዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ካጋደሉ፣ ኔትወርኩን እንደገና ማሠልጠን ምንም አይፈይድም፤ የሚስተካከሉት ምልክቶቹ ናቸው።