የጠዋት ውርጭ፣ አሮጌው ሞተርና የሱሉልታ ወተት

ሊነጋ ሲል የሱሉልታ ሜዳ በውርጭ ነጥቶ ይታያል። ላም ያላቸው አርሶ አደሮች በጨለማ አልበው፣ ወተታቸውን በቢዶን ይዘው መንገድ ዳር ቆመዋል። የሚጠብቁት ወተት ሰብሳቢውን አሮጌ ፒካፕ ነው። ፒካፑ ግን ገና ከግቢው አልወጣም። ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ይነሳል፤ ያስላል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ነዳጅ ሲሰጠው ይቆራርጥና ይጠፋል። ከብዙ ትግል በኋላ ሲሞቅ ደግሞ ምንም እንዳልነበረበት ቀጥ ብሎ ይሄዳል።

ወተት ጊዜ አይሰጥም። ሲታለብ የላሟን የሰውነት ሙቀት ይዞ ስለሚወጣ በሁለት ሰዓት ገደማ ውስጥ እንዲቀዘቅዝ ይመከራል። ማቀዝቀዣ የሌለው አርሶ አደር ተስፋው መኪናው በሰዓቱ መድረሱ ነው። በማሰባሰቢያ ጣቢያ በአልኮል ሲፈተሽ የረጋ ወተት ተመላሽ ይሆናል፤ ኪሳራውም የባለ ላሟ ነው። ስለዚህ በሱሉልታም ሆነ በሰበታና በቡራዩ ዙሪያ ወተት ለሚያመላልስ ሰው የጠዋቱ የሞተር ሳል የገበያ ጉዳይ ነው።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ በብርዱ ላይ ይወድቃል። ብርዱ ድርሻ አለው። ሆኖም እነዚህ ሞተሮች ሲሠሩ ብርድን የሚቋቋሙባቸው ሁለት ክፍሎች ተሰጥቷቸው ነበር፤ ቾክ እና ቴርሞስታት። ችግሩ በብዙ አሮጌ መኪኖች ላይ ሁለቱም ተነቅለው ወይም ታስረው መገኘታቸው ነው።

ቾኩ ምን ይሠራል?

ቤንዚን የሚቃጠለው ወደ ተን ተለውጦ ከአየር ጋር ሲደባለቅ ነው። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ከካርቡራተሩ የሚወጣው ቤንዚን በቀዝቃዛው የቧንቧ ግድግዳ ላይ ጠብታ ሆኖ ይቀራል። ወደ ሲሊንደሩ የሚደርሰው ድብልቅ አየሩ የበዛ፣ ቤንዚኑ ያነሰ ይሆናል። ቾኩ የአየሩን በር ጠበብ አድርጎ ቤንዚኑ በርከት ብሎ እንዲገባ ያደርጋል፤ ሞተሩ ሲሞቅ ይከፈታል።

ቾኩ ተከፍቶ በሽቦ ሲታሰር አሽከርካሪው ነዳጅ መስጫውን ደጋግሞ በመርገጥ ሊተካው ይሞክራል። ይህ ደግሞ ሌላ ጉዳት ያመጣል። ያልተቃጠለው ቤንዚን የሲሊንደሩን ግድግዳ ዘይት ያጥባል፣ ወደ ሞተር ዘይቱ ወርዶ ያቀጥነዋል፣ ካንዴላዎቹንም ያረጥባል።

በተቃራኒው ቾኩ ተዘግቶ ከቀረ ሞተሩ በቀላሉ ይነሳና እየሞቀ ሲሄድ ይባስ ይንቀጠቀጣል፤ ጥቁር ጭስም ያወጣል። ለመለየት የሚረዳው መመሪያ ቀላል ነው፤ ቀዝቅዞ የሚያስቸግር፣ ሞቆ የሚሻለው ሞተር ብዙውን ጊዜ ቤንዚን ያንሰዋል። ቀዝቅዞ ደህና ሆኖ ሞቆ የሚያስቸግረው ደግሞ ቤንዚን ይበዛበታል።

የተነቀለው ቴርሞስታት

ቴርሞስታት ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ ይዞ ሞተሩ ቶሎ እንዲሞቅ የሚያደርግ በር ነው። በብዙ ሞተሮች የሚከፈተው 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ካለፈ በኋላ ነው። መኪና ውሃ ሲያፈላ ቴርሞስታቱን ነቅሎ መጣል የተለመደ መፍትሔ ነው። ውጤቱ ግን በሱሉልታ ብርድ ይታያል፤ ቀዝቃዛው ውሃ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ስለሚዞር ሞተሩ ለመሞቅ ረጅም ጊዜ ይወስዳል፣ ቤንዚን ይፈጃል፣ ቶሎም ያልቃል። የሚያፈላ መኪና ራዲያተሩ፣ የውሃ ፓምፑና ማራገቢያው ይታዩለታል፤ የተበላሸ ቴርሞስታትም በአዲስ ይተካል።

በአየር የሚቀዘቅዘው ቮልስም ከዚህ ነጻ አይደለም። የራሱ ቴርሞስታት አለው፤ ሥራው የማቀዝቀዣ አየሩን በር መክፈትና መዝጋት ነው። ከካርቡራተሩ ሥር የሚያልፈውና በጭስ ሙቀት ቧንቧውን የሚያሞቀው ቀጭን መስመር በጥላሸት ከተደፈነ ደግሞ እርጥበት ባለበት ጠዋት ካርቡራተሩ ሥር በረዶ እስከመሥራት ይደርሳል።

ከፍታውና ነዳጁ

ሱሉልታ ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። ሞተሩ የሚያምቀው አየር ስላነሰ ለማስነሳት የሚረዳው ሙቀትም ያንሳል። ያረጀ ፒስተንና የማይገጥም ባልቦላ ያለው ሞተር ይህን ጎልቶ ይሰማዋል።

የሱሉልታ ስም በነዳጅ ታሪክም ይነሳል። ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚገኘውን ኢታኖል 5 በመቶ ከቤንዚን ጋር መቀላቀል በ2001 ዓ.ም ሲጀመር ሥራው የተከናወነው በሱሉልታ ዴፖ ነበር። ኢታኖል ያለበት ቤንዚን ውሃ ይስባል፤ በጥንት ጎማ የተሠሩ ቱቦዎችንም ያለሰልሳል። ስለዚህ የአሮጌ መኪና የነዳጅ ቱቦዎች በየጊዜው መታየት አለባቸው።

ቆሞ የሰነበተ መኪና ሌላ ጣጣ አለው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ሲገባ የወተት ፈላጊው ይቀንሳል፤ ለገና እንደገና ይጨምራል። ይህ ጊዜ ብርዱ የሚበረታበት ነው። በጾሙ ወቅት ሳይንቀሳቀስ የከረመ መኪና በታንከሩ ያለው ቤንዚን በቀላሉ የሚተነው ክፍሉ ይጠፋል፣ ባትሪው ይደክማል። ለገና ገበያ ጠዋት ሊነሳ ሲፈለግ ያስቸግራል። በየሳምንቱ አንድ ቀን አስነስቶ እስኪሞቅ መንዳት ብዙ ይረዳል።

ከየት ይጀመር?

ካርቡራተሩን ከመፍታት በፊት በቅደም ተከተል መፈተሽ ወጪ ይቆጥባል። በመጀመሪያ ባትሪው ይታያል፤ የደከመ ባትሪ ማስነሻውን ሲያዞር ለካንዴላው የሚተርፈው ብልጭታ ደካማ ነው። ቀጥሎ ካንዴላዎቹ ይወጣሉ፤ ጥቁርና እርጥብ ከሆኑ ቤንዚን በዝቶባቸዋል፣ ነጣ ካሉ አንሷቸዋል። ከዚያ ከመንጋቱ በፊት ሞተሩ እየሠራ ክዳኑ ተከፍቶ በጨለማ ይታይ፤ ጤዛ የነካው ያረጀ የካንዴላ ገመድ ብልጭታ ሲያፈስ በዓይን ይታያል። በመጨረሻም ቾኩ በትክክል መዝጋቱና መክፈቱ፣ ከካርቡራተሩ ሥር ያለው ጋስኬትም አየር አለማስገባቱ ይጣራል። ጋስኬቱ ላይ የሳሙና ውሃ ሲረጭ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ አየር እየገባ ነው።

በናፍጣ የሚሠራ ፒካፕና ትራክተር ካርቡራተርም ቾክም የለውም። ቀዝቅዞ ነጭ ጭስ እያወጣ ከተንቀጠቀጠ ማሞቂያ ካንዴላ ካለው በቅድሚያ እርሱ ይፈተሻል፤ ቀጥሎም የነዳጅ ማጣሪያውና በመስመሩ የገባ አየር።

ሁለት ነገሮች ግን ፈጽሞ አይደረጉም። ሞተሩን ለማስነሳት በካርቡራተሩ አፍ ቤንዚን ማፍሰስ እሳት ያስነሳል። በተዘጋ ጋራዥ ወይም ከብቶች ባሉበት በረት ውስጥ ሞተር ማሞቅ ደግሞ ሽታ በሌለው መርዛማ ጋዝ ሰውንም ከብትንም ይገድላል።

ከተነሳ በኋላ ቆሞ ለረጅም ጊዜ ማሞቅ አያስፈልግም። ዘይቱ እስኪዳረስ ጥቂት ታግሶ፣ ሳይረግጡ ዝግ ብሎ መንዳት ሞተሩን ቶሎ ያሞቀዋል። በቦታው የተመለሰ ቴርሞስታትና የሚሠራ ቾክ ያለው አሮጌ ፒካፕ ውርጩ ሳይገፈፍ ከግቢው ይወጣል፤ መንገድ ዳር የቆመው ቢዶንም ሳይረጋ ይደርሳል።