የሉክሰምበርግ አንድ ድምፅ

ባለፈው ክረምት አንድ ምሽት አራት ኪሎ ላይ ዝናብ አገተንና ሦስት ባልደረቦች አንድ ኮንትራት ታክሲ ያዝን። እኔ መገናኛ ወራጅ ነኝ፣ ጓደኛዬ ሲኤምሲ፣ በዕድሜ የሚበልጡን ጋሼ ደግሞ አያት። ሹፌሩ እስከ አያት 600 ብር ጠራ። ጋሼ በሩ ሳይዘጋ «በሉ ልጆች፣ ሁለት ሁለት መቶ» አሉ፤ ሦስታችንም አንዳንድ ባለ 200 ኖት አወጣን። ይሉኝታ ይዞኝ ዝም አልኩ እንጂ በልቤ ሒሳብ ላይ ነበርኩ። ለየብቻ ብንሄድ እኔ 300፣ ጓደኛዬ 400፣ ጋሼ 600 እንከፍል ነበር። ሁላችንም አትርፈናል። ግን እኔ ያተረፍኩት 100 ብር ነው፣ እሳቸው 400።

ይህን ዓይነቱን ሒሳብ አንጀት በሚያርስ መንገድ የሚሠራ ዕውቀት አለ፤ የትብብር ጌም ቲዎሪ ይባላል። ጌም ቲዎሪ ሲባል ብዙ ሰው የሚያውቀው ለየብቻ ተዘግቶባቸው የሚመረመሩትን ሁለት እስረኞች ነው፦ ጓደኛዬን ላጋልጥ ወይስ ዝም ልበል? ያ የዘርፉ አንዱ ወገን ብቻ ነው፣ ተጫዋቾቹ ተማምነው ውል የማያስሩበት። በሌላኛው ወገን ይነጋገራሉ፣ ይፈራረማሉ፣ ውሉም ይጸናል። ጥያቄው ማን ከማን ጋር ይቧደናል፣ ያገኙትንስ እንዴት ይካፈሉታል የሚለው ነው። በዚህ በኩል አማርኛ ታድሏል። እኛ «ጨዋታ» ስንል ወግም ማለታችን ነው፤ የትብብሩ ጌም ቲዎሪ በሁለቱም ፍቺ ጨዋታ ነው። ጆን ቮን ኖይማንና ኦስካር ሞርገንስተርን በ1944 እ.ኤ.አ. (የሚከተሉት ዓመታትም በዚያው አቆጣጠር ናቸው) ያሳተሙት ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አብዛኛው ስለዚሁ ነው። በየክፍሉ ግን ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል፣ ያውም ጊዜ ከተረፈ፣ የሚነካካ ርዕስ ሆኖ ቀርቷል። ቅር ይለኛል።

ጥምረት እንዴት እንደሚፈጠርና እንደሚፈርስ ለማየት 900 ብር ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ። ከሦስት ሰዎች ሁለቱ ከተስማሙ ብሩን ይወስዱታል። አንደኛውና ሁለተኛው 450፣ 450 ሊካፈሉ ተስማሙ። ባዶ እጁን የቀረው ሦስተኛው ለሁለተኛው «ከኔ ጋር ሁን፣ 500 ውሰድ፤ እኔ 400 ይበቃኛል» ይለዋል። ይኼኔ የተከዳው አንደኛው ለሦስተኛው ከ400 የተሻለ ይዞ ይመጣል። መቆሚያ የለውም። ማንም ቡድን ተገንጥሎ የተሻለ ሊያገኝ የማይችልበትን ክፍፍል የዘርፉ ሰዎች «እምብርት» ይሉታል፤ የዚህ ጨዋታ እምብርት ባዶ ነው። የፖለቲካ ጥምረት በተከፈለ ቁጥር «ከሃዲ» ፍለጋ ከመሮጣችን በፊት ጨዋታው መጀመሪያውኑ እምብርት ነበረው ወይ ብለን ብንጠይቅ ብዙ ሐሜት ይቀርልን ነበር።

ወደ ታክሲው ልመለስ። በ1953 ሎይድ ሻፕሊ የሚባል አሜሪካዊ የሒሳብ ሰው አንድ ዘዴ አቀረበ። ተጫዋቾቹ አንድ በአንድ ተሰልፈው ይገባሉ፤ እያንዳንዱ ሲገባ የጨመረው ወጪ ወይም ጥቅም ይመዘገባል፤ ይህ በሚቻለው ሰልፍ ሁሉ ተደጋግሞ አማካዩ ይወሰዳል። እኔ ቀድሜ ብገባ 300 እጨምራለሁ፣ ጓደኛዬ 100፣ ጋሼ 200። ጋሼ ቀድመው ቢገቡ 600ው እሳቸው ላይ ያርፋል፣ እኛ ምንም አንጨምርም። ስድስቱንም ሰልፍ ደርድሬ አማካዩን ሳወጣ እኔ 100፣ ጓደኛዬ 150፣ ጋሼ 350 ሆነ። በሌላ አነጋገር እስከ መገናኛ ያለውን ሦስታችን፣ እስከ ሲኤምሲ ያለውን ሁለቱ፣ የቀረውን ጋሼ ብቻቸውን። ሊትልቻይልድና ኦወን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1973 በዚሁ መንገድ የአውሮፕላን ማረፊያ ክፍያ አስልተዋል፤ ትንሹ አውሮፕላን ለትልቁ ተብሎ የተረዘመውን አስፋልት እንዳይከፍል። ሻፕሊ በ2012 ከአልቪን ሮዝ ጋር የኖቤል የኢኮኖሚክስ ሽልማት ወሰደ።

አሁን ወደሚያንገበግበኝ ነገር ልምጣ። «ፓርቲው ከመቀመጫው 6 በመቶ ስላለው 6 በመቶ ሥልጣን አለው» የሚሉ ጋዜጠኞችን፣ አንዳንዴም ምሁራንን፣ ቆንጠጥ ማድረግ ያምረኛል። የድምፅ ብዛትና የድምፅ ጉልበት ለየቅል ናቸው። ማስረጃዬ ሉክሰምበርግ ናት።

የአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብ በ1958 ሥራ ሲጀምር አባላቱ ስድስት ነበሩ። በሚኒስትሮች ምክር ቤት ፈረንሳይ፣ ምዕራብ ጀርመንና ጣልያን አራት አራት ድምፅ፣ ቤልጅየምና ኔዘርላንድስ ሁለት ሁለት፣ ሉክሰምበርግ አንድ ተሰጣቸው። ድምሩ 17 ነው፤ የማኅበረሰቡ ኮሚሽን ያቀረበው ሐሳብ በድምፅ ብልጫ እንዲያልፍ 12 ያስፈልግ ነበር። ላይ ላዩን ሲታይ ሉክሰምበርግ ተንቀባርራለች። ሕዝቧ ከጀርመን ጋር ሲነጻጸር እፍኝ አይሞላም፣ ድምፅዋ ግን የጀርመን ሩብ ነው።

እስቲ እርሳስ ያንሱ። ሉክሰምበርግ ሚዛን የምትደፋው ሌሎቹ ልክ 11 ላይ ሲደርሱ ብቻ ነው፤ ያኔ የእሷ አንድ 12 ያደርገዋል። ሌሎቹ ያላቸው ግን አራት፣ አራት፣ አራት፣ ሁለት፣ ሁለት ነው። ሁሉም ለሁለት እኩል የሚከፈል ቁጥር ነው፤ እንዴትም አድርገው ቢደምሩት 11 አይመጣም። ወይ 10 ነው፣ የእሷ አንድ አያደርሰውም፤ ወይ 12 ነው፣ እሷን አይፈልግም። ስድስቱ አገሮች በ720 ዓይነት ሰልፍ ሊቆሙ ይችላሉ፤ ሉክሰምበርግ በአንዱም ሚዛን አትደፋም። በሻፕሊ ዘዴ እያንዳንዱ ሚዛን የሚደፋባቸውን ሰልፎች ብንቆጥር፣ ሦስቱ ትልልቆች እያንዳንዳቸው 23.3 በመቶ፣ ቤልጅየምና ኔዘርላንድስ 15፣ 15 በመቶ ጉልበት ሲይዙ የእሷ ባዶ ነው። ወንበር አላት፣ ባንዲራ አላት፣ ሚኒስትሯ እጁን ያወጣል። ለቁጥር ማሟያ!

ተንኮለኛ አንባቢ እንዳይቀድመኝ አንድ ነገር ልጨምር። ሐሳቡ ከኮሚሽኑ ካልመጣ ከ12ቱ ድምፅ በተጨማሪ ቢያንስ የአራት አገሮች ስምምነት ይጠየቅ ነበር፤ እዚያ ላይ ሉክሰምበርግ አራተኛ ሆና ልትገባ ትችላለች። ደግሞም ፈረንሳይ ወንበሯን ባዶ ትታ ከከረመች በኋላ በጥር 1966 ሚኒስትሮቹ ተሰብስበው፣ የአንድ አገር ከፍተኛ ጥቅም ሲነካ ወደ ድምፅ ከመሄድ ስምምነት እስኪገኝ መነጋገር የሚል መንፈስ ያለው መግባቢያ ላይ ደረሱ። የተሰበሰቡት የት መሰለዎት? ሉክሰምበርግ! መግባቢያውም በስሟ ይጠራል።

እኔን የሚያስደስተኝ ቀጥሎ የመጣው ነው። በ1973 ብሪታንያ፣ ዴንማርክና አየርላንድ ገቡ። ድምፁ እንደ አዲስ ተከፋፈለ፦ ለአራቱ ትልልቆች አሥር አሥር፣ ለቤልጅየምና ኔዘርላንድስ አምስት አምስት፣ ለዴንማርክና አየርላንድ ሦስት ሦስት፣ ለሉክሰምበርግ ሁለት። ድምሩ 58፣ ማሳለፊያው 41። የሉክሰምበርግ ድርሻ ከ17 አንድ ወደ 58 ሁለት ወረደ፤ ከ5.9 በመቶ ወደ 3.4 መሆኑ ነው። ጉልበቷ ግን ተወለደ። አራቱ ትልልቆች ቢስማሙ 40 ነው፤ የጎደለችውን አንድ ድምፅ ሉክሰምበርግ ልትሞላት ትችላለች። ማዕዱ ላይ ሰው ሲጨመር ድርሻዋ አንሶ ጉልበቷ ጨመረ። ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ በወረቀት ስሠራ ተሳስቻለሁ ብዬ ሦስት ጊዜ ደግሜዋለሁ።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ኢትዮጵያ በተባበሩት መንግሥታት የጸጥታው ምክር ቤት ተለዋጭ አባል ሆና ተቀምጣለች፤ በ1967 እና 68፣ በ1989 እና 90፣ በ2017 እና 18። ከ1965ቱ ማሻሻያ ወዲህ አባላቱ 15 ናቸው፤ ውሳኔ ለማሳለፍ ዘጠኝ ድምፅ ያስፈልጋል፣ አምስቱ ቋሚዎችም መቃወም የለባቸውም። በሻፕሊ ስሌት ጉልበቱ 2,145 ቦታ ቢከፈል አንድ ቋሚ አባል 421 ይወስዳል፣ አንድ ተለዋጭ አባል አራት። ስሌቱ ድምፅን እንጂ አንደበትን ስለማይለካ አምባሳደሮቻችን ከአራቷ በላይ አልሠሩም ማለቴ አይደለም።

እስራኤል ያሉ አንባቢዎች ደግሞ ተቃራኒውን፣ ጥቂት መቀመጫ ትልቅ ጉልበት ሲኖረው፣ በዓይናቸው አይተዋል። በ2021 የተመሠረተው መንግሥት ስምንት ፓርቲዎች በምርጫው ከ120 መቀመጫ 62 አግኝተው ነበር። ኢትዮጵያ የተወለዱት ፕኒና ታማኖ ሻታ ሚኒስትር የነበሩበት ማለት ነው። ባለ 17 መቀመጫው ፓርቲ ቢወጣ ጥምረቱ አብላጫውን ያጣል፤ ባለ 4ቱ ቢወጣም 58 ይቀርና ያጣል። አብላጫውን ለማሳጣት ሁሉም እኩል ናቸው። ቀዳሚውን የጠቅላይ ሚኒስትርነት ተራ የወሰዱትም የባለ 7 መቀመጫው ፓርቲ መሪ ናፍታሊ ቤኔት ነበሩ።

እርስዎም ከሁለት ወዳጆች ጋር ኩባንያ ሊያቋቁሙ ነው እንበል። እነሱ 49፣ 49 በመቶ ይይዛሉ፣ እርስዎ 2፤ ውሳኔ የሚያልፈው ከግማሽ በላይ በሆነ ድምፅ ነው። ስማችሁን በሦስት ቁራጭ ወረቀት ጽፈው ስድስቱንም ሰልፍ ይደርድሩ። እያንዳንዳችሁ በሁለት በሁለቱ ሚዛን ትደፋላችሁ፤ 2 በመቶዎ ከ49ኙ እኩል ነው። አሁን አንደኛው ወዳጅ ከሌላኛው ሁለት በመቶ ገዝቶ 51 ያድርስና እንደገና ይደርድሩት። ባለ 47ቱም እርስዎም ሉክሰምበርግ ሆናችኋል። ውሉን ከመፈረምዎ በፊት አክሲዮን ከእጅ ወደ እጅ ስለሚሸጥበት መንገድ የተጻፈውን አንቀጽ ደግመው ያንብቡት።