ዓባይን በበቅሎ የተከተሉት የዳንግላ ቆንስል

የዓባይ ስም ከጥንት ጀምሮ በዓለም የታወቀ ሲሆን፥ በገደል ውስጥ የሚሄድበት መንገድ ግን እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ በካርታ ላይ በሚገባ ሳይሣል ኖሮ ነበር። ይህንን ጉድለት የሞሉት፥ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1925 እስከ 1934 ዓ.ም. በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበሩት ሜጀር ሮበርት ቺዝማን ናቸው።

ገደሉ ለጀልባ የማይመች ስለ ሆነ፥ በበቅሎ ዳር ዳሩን እየተጓዙ፥ መውረጃ ባገኙበትም ወደ ውሃው እየወረዱ፥ ከጣና እስከ ሱዳን ወሰን መርምረው በ1936 ዓ.ም. መጽሐፍ አሳተሙ።

ነገር ግን መልካውንና ቍልቍለቱን አስቀድሞ የሚያውቀው የአገሩ ሰው ነበር፤ አልጻፈውም እንጂ። ስለዚህ እናንት አባቶች ሆይ፥ የምታውቁትን ለልጆቻችሁ አሳዩ፤ ልጆቻችሁም ይጻፉት ብለን እናሳስባለን። ያልተጻፈ ዕውቀት ከባለቤቱ ጋራ ይቀበራልና።